የመንገድ ባልንጀራ

ስለ ጆን ቡንያን መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

ለወጣቶች ከሚሰጠው ምክር ሁሉ «ከክፉ ባልንጀራ ራቅ» የሚለውን ያህል የሚደጋገም ያለ አይመስለኝም። አባት ይናገረዋል፤ ሰባኪ ይሰብከዋል፤ መምህር በሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ሽማግሌዎችም «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» ብለው ይጀምሩና የቀረውን ለሰሚው ይተዉለታል። ምክሩ እውነት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያይቱ መልእክቱ፥ በምዕራፍ 15፥ ይህንኑ አሳብ አስቀምጦታል። ዳሩ ግን አንድ እውነት ስለ ተደጋገመ ብቻ ሥራውን ይሠራል ማለት አይደለም።

እኔ አርባ ዓመት ለሚያህል ጊዜ በመምህርነት ሳገለግል ይህን ምክር የሰሙ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ነገር ግን «ለባልንጀራዬ ክፉው እኔ ነኝ» ያለኝ አንድ ልጅ እንኳ አላጋጠመኝም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አባቶች ወደ እኔ መጥተው ነበር። የፊተኛው ማክሰኞ ቀን መጥቶ «ልጄን የእገሌ ልጅ አበላሸብኝ» አለ። ሁለተኛው ዓርብ ቀን መጥቶ ያንኑ ነገር በፊተኛው ሰውዬ ልጅ ላይ ተናገረ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር የሚናገሩት። ሁለቱም ልጆች ከክፉ ባልንጀራ እንዲርቁ በቤታቸው ተመክረው ነበር፤ ሁለቱም ግን ምክሩ ስለ ሌላው የተነገረ መስሏቸው ነበር።

እንግዲህ ከምክሩ አንድ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። የጎደለውን ለማግኘት ሌላ ምክር ከመደርደር ይልቅ ስለ ባልንጀራ ጠልቆ ያሰበ አንድ መጽሐፍ መመርመር የሚሻል ስለ መሰለኝ፥ በዚህ ጽሑፍ የጆን ቡንያንን የመንገደኛ ታሪክ አንሥቼ መልካምነቱንም ጉድለቱንም ለወጣት አንባቢዎቼ ላሳይ አስቤአለሁ።

የዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል በ1678፥ ሁለተኛው ክፍል በ1684 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሟል፤ ወደ አማርኛም ከተመለሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔና በሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረውኝ የተማሩ ልጆች ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ በቶሎ ያወቅነው መጽሐፍ ይህ ነበር። የታሪኩ መሠረት ቀላል ነው። ክርስቲያን የሚባል ሰው በጀርባው ከባድ ሸክም ተሸክሞ የጥፋት ከተማ ከምትባል አገሩ ይወጣና ወደ ሰማያዊት ከተማ ይጓዛል። በመንገድ የሚያገኛቸው ሰዎች ስማቸው ጠባያቸውን ይናገራል። ስሞቹን እዚህ የማቀርበው በራሴ አመላለስ ስለ ሆነ፥ በአንባቢው እጅ ያለው ትርጕም ሌላ ስም ቢሰጣቸው አያደናግረው።

ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ የአንድ ብቸኛ ሰው ጕዞ አድርገው ያነቡታል። በእርግጥ ክርስቲያን ብቻውን የሚታገልባቸው ስፍራዎች አሉ። እኔ ግን ደጋግሜ ባነበብሁት ቍጥር የሚታየኝ የባልንጀሮች መጽሐፍ መሆኑ ነው። በየምዕራፉ «አሁን ከክርስቲያን ጋር የሚሄደው ማን ነው? ያስ ሰው ምን አደረገለት?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ፥ ያለዚያ ጥያቄ የማይታይ ብዙ ነገር ያያል።

ደራሲው ይህን ነገር ከሌላ መጽሐፍ አልቀዳውም፤ ከኑሮው የተማረው ነው። ቡንያን በ1628 ዓ.ም. ቤድፎርድ በምትባል ከተማ አጠገብ ኤልስቶው በሚባል መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ድስትና ሌላም የቤት ዕቃ የሚጠግን ሰው ነበር፤ ልጁም ያንኑ ሥራ ተማረ። በአገራችን ቀጥቃጭ ይናቅ እንደ ነበረ ሁሉ፥ በዚያ ዘመን በእንግሊዝም ይህ ሥራ የሚከበር አልነበረም። ቡንያን በወጣትነቱ በመሐላና በስድብ የታወቀ ነበር። በኋላ ግን ሰባኪ ሆነ፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ በመስበኩም በ1660 ዓ.ም. ታሥሮ እስከ 1672 ድረስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በወህኒ ቤት ቈየ። በ1666 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ለነገራችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። አንድ ቀን ቡንያን በአንድ ጎረቤት ሱቅ መስኮት አጠገብ ቆሞ እንደ ልማዱ ሲምልና ሲሳደብ፥ የቤቱ ባለቤት ሴት ትሰማዋለች። ሴትዮዋ ራስዋ በመልካም ምግባር የምትታወቅ አልነበረችም። ነገር ግን አነጋገሩ እንዳስደነገጣት፥ በከተማው ያሉ ወጣቶች ከእርሱ ጋር ቢውሉ ሁሉንም ሊያበላሻቸው እንደሚችል ነገረችው። ቡንያን በነገሩ አፈረ። አንገቱን ደፍቶ፥ እንደ ገና ሕፃን ሆኖ አባቱ ያለ መሐላ መናገርን ቢያስተምረው ተመኘ። ከዚያም ቀን ጀምሮ መሐላውን ተወ፤ እንዴት እንደ ተወውም ለራሱ ገረመው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ሴት ልብ በላት። ከክፉ ሰዎች እንዲርቅ አልመከረችውም፤ ክፉው ባልንጀራ እርሱ ራሱ መሆኑን ነገረችው። ከላይ ከምክራችን ጎደለ ያልሁት ነገር ይህ ነው። እኛ ሁልጊዜ «ከማን ጋር ትውላለህ?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ከአንተ ጋር የሚውለው ሰው ምን ሆኖ ይመለሳል?» ብለን አንጠይቅም።

ሁለተኛው ነገር ቡንያን ለሥራ ወደ ቤድፎርድ በሄደበት ቀን የሆነ ነው። ሦስት ወይም አራት ድኾች ሴቶች በአንድ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ስለ እግዚአብሔር ነገር ሲነጋገሩ ሰማ። እርሱ በዚያን ጊዜ ስለ ሃይማኖት ብዙ የሚናገር ሰው ሆኖ ነበርና ሊሰማቸው ቀረብ አለ፤ ነገር ግን የሚሉት ነገር አልገባውም። የሚናገሩት ተምረው እንዳጠኑት ሰዎች ሳይሆን፥ እንደሚኖሩበት ሰዎች ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ ወደ እነርሱ እየሄደ ይሰማቸው ነበር። ለእርሱ የተዘጋጀ ስብከት አላቀረቡለትም። በደጃፋቸው ተቀምጠው የልባቸውን ሲያወሩ፥ ያ ንግግር ብቻ አንድን ሰው ለወጠው።

ሦስተኛው የሚያሳዝን ነው። ቡንያን ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ልቡ የወደደው አንድ ባልንጀራ ነበረው፤ ያ ሰው ግን በስድብና በዝሙት የተጠመደ ነበር። ቡንያን ከእርሱ ተለየ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመንገድ ሲያገኘው እንዴት እንደ ሰነበተ ጠየቀው፤ ሰውዬውም እንደ ልማዱ በስድብ መለሰለት። ቡንያን፥ በዚህ ሁኔታ ሳለህ ብትሞት ምን ይሆናል ብሎ ቢያስጠነቅቀው፥ ያ ሰው ተቈጥቶ፥ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ዲያብሎስ ባልንጀራ ከየት ያገኛል የሚል ቀልድ መለሰ። ቡንያን ከዚህ ሰው ውሎ ተለየ እንጂ ሰላምታውን አልነሣውም፤ እውነቱንም አልደበቀውም። ይህን ልዩነት በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። ክርስቲያን ከከተማው ሲወጣ እልኸኛና እሺ-ባይ የሚባሉ ሁለት ጎረቤቶች ሊመልሱት ይከተሉታል። እልኸኛ ይሳለቃል፥ ይሳደባል፤ እንደማይሆንለት ባየ ጊዜ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ሰው ክርስቲያንን አንዳች አልጎዳውም፤ በግልጥ የሚቃወም ሰው ቢያንስ የቆመበት ይታወቃልና። እሺ-ባይ ግን አብሮ ይሄዳል። ስለ ሰማያዊት ከተማ ክብር ሲነገረው ልቡ ይሞቃል፤ እንዲያውም ፈጠን ፈጠን እንበል እያለ ያጣድፋል። ሸክም የሌለበት ሰው መፍጠን አይከብደውም። ጥቂት ሳይቈይ ሁለቱም ሳያስተውሉ ወደ ረግረግ ይገባሉ። እሺ-ባይም ተቈጥቶ፥ ታግሎ፥ ለቤቱ በሚቀርበው ወገን ይወጣና ይሄዳል። ክርስቲያን ብቻውን ከቤቱ ወደሚርቀው ወገን ሲፍጨረጨር፥ ረጂ የሚባል ሰው እጁን ሰጥቶ ያወጣዋል።

የእሺ-ባይ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም አዲስ ነገር አልነበረውም። ቡንያን ግን ተከትሎት ወደ ከተማው ይመለሳል። እዚያም አንዳንዱ ብልህ አደረግህ ይለዋል፤ አንዳንዱ መሄድህ ሞኝነት ነበር ይለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለትንሽ ችግር ብሎ በመመለሱ ፈሪ ነህ ብሎ ይስቅበታል። እሺ-ባይም በመካከላቸው አፍሮ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሲደፋፈር ግን ሁሉም ፌዛቸውን ከእርሱ ላይ አንሥተው በሌለው በክርስቲያን ላይ ያዞራሉ፤ እርሱም በዚያው ማኅበር ውስጥ ቦታውን ያገኛል።

ይህን በማንኛውም የትምህርት ቤት ግቢ አይቼዋለሁ። አንድ ልጅ ከሚስቁበት ሰዎች ለመዳን የሚያገኘው አቋራጭ መንገድ፥ አብሮ የሚስቅበት ሌላ ሰው ማግኘት ነው። ያ ልጅ ከመጀመሪያው ክፉ አልነበረም። እሺ-ባይም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የራሱ የሆነ ነገር ያልነበረው ሰው ነበር። ከመንገደኛ ጋር ሲሄድ መንገደኛ፥ ከፌዘኛ ጋር ሲቀመጥ ፌዘኛ ሆነ። ስለዚህ ከመልካም ሰው ጋር መዋል ብቻውን ሰውን መልካም እንደማያደርግ ከዚህ እንማራለን። መልካም ባልንጀራ የሚጠቅመው፥ ሸክሙን የሚያውቅ ሰው ሲያገኘው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ለፍላፊ የሚባል ሰው ይመጣል። ይህ ሰው ስለ ሰማይም ስለ ምድርም፥ ስለ ሃይማኖትም ስለ ዓለምም የሚያወራው አያልቅበትም። የክርስቲያን ባልንጀራ የሆነው ታማኝ በዚህ ሰው በጣም ይደነቃል። ክርስቲያን ግን ሰውዬውን ከአገሩ ያውቀዋልና፥ በውጭ የሚያምረው ይህ ሰው በቤቱ ምን እንደሚመስል ለታማኝ ይነግረዋል። ከዚያም መክሮት፥ ታማኝ ሃይማኖት በልብና በቤት ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ለፍላፊን ይጠይቀዋል። ነገሩ ከወሬ ወጥቶ ወደ ራሱ ኑሮ ሲመጣበት ለፍላፊ ተቀይሞ ይለያል። እዚህ ላይ የሚደነቀው፥ ታማኝን የሚያህል ሰው እንኳ መታለሉና ያዳነው ባልንጀራው መሆኑ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ሰውን መመዘን ይከብደዋል። አንደኛው ያላየውን ሌላው ያያል።

ነገር ግን የመጽሐፉ ልብ ያለው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ክርስቲያንና ባለ ተስፋ የሚባለው ወጣት መንገድ በሳቱበት ስፍራ ነው። ባለ ተስፋ ከንቱ ገበያ በሚባለው ከተማ ሳለ የክርስቲያንንና የታማኝን አነጋገርና መከራ አይቶ የተለወጠ ሰው ነው። ታማኝ በዚያ ገበያ በሐሰት ተከስሶ ሲገደል፥ ባለ ተስፋ በእርሱ ፈንታ የክርስቲያን የመንገድ ባልንጀራ ሆነ። ሁለቱ ሲጓዙ መንገዱ ሻካራ ይሆንባቸዋል፤ እግራቸውም ይቈስላል። ከአጥሩ ማዶ ለስላሳ ሜዳ ያያሉ። ክርስቲያን በዚያ እንሂድ ይላል። ባለ ተስፋ፥ ይህ መንገድ ከእውነተኛው መንገድ ቢያወጣንስ ብሎ ይጠይቃል። ክርስቲያን፥ ከመንገዳችን ጎን ለጎን የሚሄድ ነው ብሎ ያሳምነዋል። ይሻገራሉ። ይመሻል፤ ዝናምና ነጐድጓድ ይመጣል፤ ጐርፍ ይሞላል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ባለ ተስፋ ሲያዝን፥ ከመጀመሪያው ፈርቶ እንደ ነበረና ለስለስ ያለ ማስጠንቀቂያ የሰጠው ለዚህ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ይልቅ ገልጦ ያልተናገረውም ክርስቲያን በዕድሜ ታላቁ ስለ ሆነ ነበር።

ይህን ነገር የጻፈው እንግሊዛዊ ቢሆንም ለእኛ የጻፈው ይመስለኛል። እርሱ ስም ያልሰጠውን ነገር እኛ ይሉኝታ ብለን እንጠራዋለን። ይሉኝታ በአገራችን ብዙ መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ታላቅን አስከብሯል፥ ነውርን ከልክሏል፥ እንግዳን አስተናግዷል። ዳሩ ግን በሁለት ባልንጀሮች መካከል ሲገባ፥ አንደኛው የሚያየውን ገደል ለሌላው እንዳይነግረው አፉን ይይዘዋል። ልብ በሉ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ክፉ ባልንጀራ አልነበረም። ሁለቱም መልካም ሰዎች፥ ሁለቱም የሚዋደዱ፥ ሁለቱም ወደ አንድ አገር የሚሄዱ ነበሩ። ወደ ጥርጣሬ ግንብ ያደረሳቸው የአንደኛው ድካምና የሁለተኛው ዝምታ ነው። «ከክፉ ባልንጀራ ራቅ» የሚለው ምክር በዚያ ሌሊት ለሁለቱም አንዳች አይጠቅማቸውም ነበር።

በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ልጆች መካከል አንድ ቤት ተከራይተው አብረው የሚማሩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ታላቅየው ሌሊት ሌሊት ጫት ቤት ማምሸት ጀመረ፤ በኋላም ለመጻሕፍት ከቤት የሚላክለትን ገንዘብ እዚያው ያጠፋ ነበር። ታናሽየው አልተከተለውም፤ ነገር ግን አልተናገረውም። ትምህርቱ ከተቋረጠ በኋላ ስለዚህ ነገር ስጠይቀው «ታላቄ ነው፤ ደግሞም ብዙ ውለታ ውሎልኛል» አለኝ። ይህ ልጅ በምግባሩ አንድ ነውር አይገኝበትም። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለወንድሙ ባልንጀራ አልነበረም፤ የኪራይ ተካፋይ ነበር።

ቡንያን ግን በዝምታው ላይ አያቆምም። ክርስቲያን ይቅርታ ይለምናል፤ ባለ ተስፋም ይቅር ይለዋል፤ አብረውም ይታሠራሉ። በግንቡ ውስጥ ተስፋ-አስቈራጭ የሚባለው ግዙፍ ከረቡዕ ጧት እስከ ቅዳሜ ሌሊት ያለ እንጀራና ያለ ውሃ ያሠቃያቸዋል፤ ሕይወታቸውንም በእጃቸው እንዲያጠፉ ይመክራቸዋል። ክርስቲያን ሊሸነፍ ይቀርባል። ይህን ጊዜ ያ በሜዳው ላይ ያፈረ ወጣት አፉን ይከፍታል። ታላቁን ይገሥጻል፤ ከዚህ በፊት ያለፋቸውን መከራዎች አንድ በአንድ ያስታውሰዋል፤ ቢያንስ ትንሽ እንታገሥ ይለዋል። በመጨረሻ ክርስቲያን በደረቱ ይዞት የነበረውን የተስፋ ቃል ቍልፍ አስታውሶ በሩን ይከፍታል። ቍልፉ የክርስቲያን ነበር፤ ነገር ግን እስኪያስታውሰው ድረስ በሕይወት ያቈየው ባልንጀራው ነው። በመጨረሻው ወንዝ ላይም ክርስቲያን ሲሰጥም ራሱን ከውሃ በላይ ይዞ የሚያሻግረው ይኸው ባለ ተስፋ ነው።

ከዚህ የተነሣ ቡንያን ስለ ባልንጀራ የሚለውን በሁለት ቃል ማጠቃለል ይቻላል፤ መናገርና መቅረት። እሺ-ባይ ተለየ፤ ለፍላፊ ተናገረ፥ ግን ስለ ራሱ ሲጠየቅ ተለየ፤ ባለ ተስፋ በሜዳው ላይ ቀረ፥ ግን በሙሉ አፉ አልተናገረም። በግንቡ ውስጥ ግን ሁለቱን አንድ አደረገ። እውነቱን ተናግሮ የሚሄድ ሰው ዳኛ ነው። ዝም ብሎ አብሮ የሚቀር ሰው ጥላ ነው። ተናግሮ የሚቀረው ባልንጀራ ነው።

መጽሐፉን እስካሁን አመስግኛለሁ፤ ሒስ ግን ጉድለቱንም ሊያሳይ ይገባል። የመጀመሪያው ጉድለት ከስሞቹ ይመጣል። በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ስሙን በግንባሩ ላይ ጽፎ ይመጣል፤ በእኛ መንደር ግን ማንም «እሺ-ባይ እባላለሁ» ብሎ እጁን አይዘረጋም። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ከዚህ መጽሐፍ ተነሥቶ በሰው ሁሉ ላይ ስም መለጠፍ ቢጀምር፥ መጽሐፉ በከፊል ተጠያቂ ይሆናል። ለፍትሕ ያህል ግን ቡንያን ይህን አደጋ ፈጽሞ አልዘነጋውም። በመጽሐፉ ውስጥ ጥቅመኛ የሚባለው ሰው ስሙን ለመናገር እንቢ ይላል፤ ጠላቶቼ ያወጡልኝ ነው ይላል።

ሁለተኛው ጉድለት ይከብዳል። ክርስቲያን ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ይወጣል። ለምኖአቸው እንቢ ማለታቸው እውነት ነው፤ ምሳሌ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ቢነበብ፥ ነፍስን ማዳን ማለት ቤተ ሰብን ጥሎ መሮጥ የሚመስለው ልጅ ሊኖር ይችላል። ቡንያን ራሱ ይህን ያየው ይመስለኛል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በጻፈው ሁለተኛ ክፍል ሚስቲቱ ክርስቲያና አራት ልጆችዋንና ምሕረት የምትባል ጎረቤትዋን ይዛ ትወጣለች። በዚህኛው ጕዞ ማኅበሩ እያደገ ይሄዳል፤ አንካሳውም፥ ልበ ደካማውም ይጨመራል። ታላቅ-ልብ የሚባለው መሪያቸውም ለደካማው ሲል እንደሚጠብቁት ይነግረዋል። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ የሚያነቡ ሰዎች ግማሹን ቡንያን ብቻ እንዳወቁ መረዳት አለባቸው።

ሦስተኛው ስለ አላዋቂ ነው። ይህ ወጣት በራሱ ልብ ብቻ የሚታመን፥ ከሰው ጋር ከመሄድም ብቻውን መሄድ የሚወድ ነው። ክርስቲያንና ባለ ተስፋ ሁለት ጊዜ ያነጋግሩታል፤ አልሰማ ሲላቸው ቀድመውት ይሄዳሉ። በመጨረሻም ከሰማያዊት ከተማ በር ይመለሳል። ይህን ሳነብ፥ መንገደኞቹ ከእርሱ ጋር ጥቂት ቀስ ብለው ቢሄዱ ምን ነበረበት የሚል አሳብ ይመጣብኛል። ያነጋገሩት በክርክር ነው፤ ክርክሩንም ረትተዋል። ነገር ግን የተረታ ሰው ሁሉ አይለወጥም። ያስታውሳችሁ እንደ ሆነ፥ ራሱን ቡንያንን የለወጡት ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ከእርሱ ጋር አልተከራከሩም ነበር።

አሁን የሐዋርያውን ቃል መልሰን እንመልከት። ሊቃውንት እንደሚሉት ጳውሎስ ስለ ክፉ ባልንጀርነት የተናገረውን ቃል የወሰደው ሜናንድሮስ ከተባለ የግሪክ ተውኔት ጸሐፊ ነው። የተናገረበትም ስፍራ ስለ ሙታን ትንሣኤ ነው። ትንሣኤ የለም ከሚሉት ጋር የሚውል ሰው ቀስ በቀስ ነገ እንደሌለው ሰው መኖር ይጀምራል ማለቱ ነው። ይኸው ሐዋርያ ግን በዚያው መልእክት በምዕራፍ 5፥ ከዚህ ዓለም ኀጢአተኞች ሁሉ ፈጽማችሁ ተለዩ ማለቱ እንዳልሆነ፥ ይህማ ቢሆን ከዓለም መውጣት ሊያስፈልጋቸው እንደሆነ ይገልጣል። ጌታችንም ከቀራጮችና ከኀጢአተኞች ጋር በማዕድ ተቀምጧል፤ በዚህም ተነቅፏል። በዘኬዎስ ቤት በዋለ ጊዜ ግን ተለውጦ የተገኘው ዘኬዎስ ነው።

«እኔ ክርስቶስ አይደለሁም፤ ከእነርሱ ጋር ብውል የምለወጠው እኔ ነኝ» የሚል ወጣት ቢኖር ትክክል ተናግሯል። ስለዚህ ቡንያን ከዚያ ወዳጁ የተለየበትን አለያየት እንዲመለከት እመክረዋለሁ። ውሎህ እየጐተተህ እንደ ሆነ ውሎውን ተው። ሰላምታውን ግን አትተው፤ ሲያገኝህ መንገድ አትቀይርበት፤ ለመናገር ዕድል ባገኘህ ጊዜም እውነቱን አትሰውረው። ከሰው ኀጢአት መራቅና ከሰውዬው መራቅ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ዛሬ የባልንጀራ ነገር ከቀድሞው ይልቅ ረቂቅ ሆኗል። ዱሮ አባት ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል ለማወቅ ወደ ደጅ ብቅ ማለት ይበቃው ነበር። አሁን ልጁ በአልጋው ላይ ተኝቶ በእጅ ስልኩ ከመቶ ሰዎች ጋር ሊያመሽ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ያስቁታል፥ ያስቈጡታል፥ የሚወደውንና የሚንቀውን ይመርጡለታል። ከመካከላቸው ግን ረግረግ ውስጥ ሲገባ እጁን የሚይዘው ስንቱ ነው? ስለ ስልኩ የምለው ይህንኑ ብቻ ነው፤ የቡንያንን ሚዛን ለእነርሱም ተጠቀሙበት። ይናገራሉ፤ ይቀራሉን?

ለእናንተ ለወጣቶች የምተወው ምክር እንግዲህ ከተለመደው ጥቂት ይለያል። የባልንጀሮቻችሁን ስም ከመቍጠራችሁ በፊት፥ ከእናንተ ጋር ከዋሉ በኋላ ስለ ወላጆቻቸው፥ ስለ ሥራቸው፥ ስለ ጸሎታቸው እንዴት እንደሚናገሩ አስተውሉ። ከእናንተ ዘንድ ሲሄዱ ቀለው ነው ወይስ ከብደው? ቀጥሎም ከታላቃችሁም ሆነ ከውለታ ባለቤታችሁ ጋር ስትሄዱ ገደል ያያችሁ እንደ ሆነ፥ በአክብሮት፥ ግን በሙሉ አፍ ተናገሩ። ቢቈጣም አትሂዱበት። ይቅርታ ቢለምናችሁ አትንፈጉት። እናንተም ተገሥጻችሁ እንደ ሆነ የገሠጻችሁን ሰው ወዳጅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ብዙ አታገኙትምና።

ጆን ቡንያን በ1688 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የአሟሟቱ ታሪክ እንዲህ ይነገራል። ከአባቱ ጋር የተጣላ አንድ ወጣት አስታርቀኝ ብሎ ቢለምነው፥ በፈረስ ተጭኖ ሬዲንግ ወደምትባል ከተማ ሄደና አባትየውን አነጋገረ፤ እርቁም ተሳካ። ከዚያ ወደ ለንደን ሲያልፍ ብርቱ ዝናም ደበደበው፤ በአንድ ወዳጁ ቤት ትኵሳት ይዞት ተኛ፤ ሳይነሣም ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የጻፈውን ነገር በመጨረሻው ጕዞው ሠርቶት ሄደ።